ድርብርብ አክሪሊክ፣ ቀጭን ንድፍና የተጣለ ሽቦ በአንድ ሰሌዳ ላይ፦ ሳይላጥ እንዲቆይ ምን ይደረግ?

ሸራና ሽቦ (ጠያቂ)

ሰላምታዬ ለመድረኩ አባላት በሙሉ ይድረስ። የተማርኩት በመደበኛው መንገድ ሲሆን በእርሳስና በከሰል፣ ቀጥሎም በዘይት ቀለም የሰው መልክና መልክዐ ምድር ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን ያሰብኩት ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። በአንድ ሰሌዳ ላይ ከሥር በጥቁር ኢንክ የተሠራ ቀጭን የመስመር ንድፍ፣ በንድፉ ላይ የሥሩን አሳልፈው የሚያሳዩ በርከት ያሉ የአክሪሊክ ቅቦች፣ በመጨረሻም ከአሮጌ ኮምፒውተርና ሬዲዮ የወጣ ሽቦና የብረት ቁርጥራጭ እንዲኖሩበት እፈልጋለሁ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩት ትውልደ ኢትዮጵያ ሠዓሊ የጁሊ ምሕረቱ ሸራዎች ቀረብ ብለው ሲታዩ መስመሮቹ በአንድ ገጽ ላይ የተሠመሩ ሳይሆኑ በተለያየ ጥልቀት የተንሳፈፉ ናቸው፤ የአዲስ አበባው ሠዓሊ የኤልያስ ስሜ ሰሌዳዎች ደግሞ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ከአየር ላይ የተነሣ መሬት መስለው ይቆዩና ሲጠጓቸው የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሆነው ይገኛሉ። የማንንም ሥራ ለመቅዳት አላሰብኩም፤ ነገር ግን የእጅ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ሳልረዳ ወደ ራሴ መንገድ መግባት እንደማልችል ገብቶኛል።

በሙከራ ሰሌዳዎቼ ላይ የሚታየው ይህ ነው። አሳላፊው ቅብ ሲደራረብ እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ወደ ቢጫነት ያደላል። በነጭ ኮላ የተለጠፈው ሽቦ ደግሞ ሰሌዳው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ከነሥሩ ቅብ ተነቅሎ ይነሣል። ሰሌዳው ኮምፔንሳቶ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ በላዩ አቡጀዲ እለጥፍበታለሁ። መሠረቱ እንዴት ቢዘጋጅ፣ አሳላፊው ቅብ በምን ቢሠራ፣ ብረትና ሽቦው በምን ቢያዝ ይሻላል? በመጨረሻ ላይ በዘይት ቀለም መጨረስስ ይቻላል? ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋው ውድ ከመሆኑም በላይ ሁልጊዜ ስለማይገኝ፣ በምን ሊተካ እንደሚችልና በምን ፈጽሞ ሊተካ እንደማይገባ ብትነግሩኝ ደግሞ ይበልጥ አመሰግናለሁ።

መሠረት ቀቢ

የገለጹት መቢጨት ከላይኛው ቅብ የመጣ አይመስለኝም፤ ምክንያቱ ከሥር ነው። አክሪሊክ ማለት እጅግ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ ተበትነው የሚገኙበት ፈሳሽ ነው። ሲቀቡት ውኃው ግማሹ ወደ አየር ይተንናል፣ ግማሹ ደግሞ ወደ ጨርቁና ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ወደ ላይ የሚሳበው ውኃ ከእንጨቱ ቡናማ ንጥረ ነገርን፣ ከአቡጀዲው ደግሞ በፋብሪካ የገባበትን ስታርችና እድፍ አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ቀለሙ ድፍን ከሆነ ይህ አይታይም። አሳላፊ ቅብ ሲሆን ግን፣ በተለይም ወፈር ብሎ ሲቀባ፣ ቢጫው ወለል ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ አቡጀዲውን ከመወጠርዎ ወይም ከመለጠፍዎ በፊት በሙቅ ውኃ ደጋግመው ይጠቡት፤ ስታርቹ ይለቃል፣ ጨርቁም መሸብሸቡን ቀድሞ ይጨርሳል። ኮምፔንሳቶውን ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ካስነኩት በኋላ በሚያብለጨልጭ የአክሪሊክ ሚዲየም (ቀለም ያልገባበት፣ ሲደርቅ አሳላፊ የሚሆን አክሪሊክ) ሁለት ጊዜ ይቀቡትና በመካከሉ በደንብ እንዲደርቅ ይተዉት። የመሠረቱ ነጭ ቅብ፣ ማለትም የሠዓሊ አክሪሊክ ጄሶ፣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ጄሶው ራሱ የሚያግድ ይመስለዋል፤ ጄሶ ግን የተሠራው ቀለም እንዲይዝ ስለሆነ ውኃ ይመጥጣል፣ የሥሩንም እድፍ ያሳልፋል። የሚያግደው ሚዲየሙ ነው። ለግንባታ የሚሸጠውንና ከውኃ ጋር ሲገናኝ የሚጠጥረውን ጄሶ ከዚህ ጋር አያምታቱት። እሱ ከአክሪሊክ ጋር ሲደባለቅ ባልዲው ውስጥ መጠጠር ይጀምራል።

መደፍረሱ ሌላ ምክንያት አለው፤ እንዲያውም ሁለት ሊሆን ይችላል። የማያብለጨልጭ ሚዲየም ተጠቅመው ከሆነ፣ በውስጡ ብርሃን እንዲበትን ሆን ተብሎ የተጨመረ ደቃቅ ዱቄት አለ። አንድ ጊዜ ሲቀባ ደስ የሚል ልስላሴ ይሰጣል፤ ሲደራረብ ግን ጭጋግ ይሆናል። ከታች እስከ ላይ በሚያብለጨልጭ ሚዲየም ይሥሩና ብልጭታውን ካልወደዱት የመጨረሻውን ቅብ ብቻ የማያብለጨልጭ ያድርጉት። ሁለተኛው ምክንያት ቅዝቃዜ ነው። የአክሪሊኩ ቅንጣቶች ተዋህደው አንድ ወጥ ልባጥ የሚሆኑት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከዚያ ይወርዳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ቅዝቃዜው ይብሳል። አመሻሽ ላይ የተቀባ ሚዲየም ጠዋት ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ ሆኖም ውስጡ ደብዛዛና ደካማ ሆኖ ቀርቷል። ረፋድ ላይ ይቀቡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረቅ። ቅቡም ቀጭን ይሁን፤ የላዩ ቶሎ ደርቆ የሥሩ ውኃ ከታሰረ ነጭ ደመና ሆኖ ለብዙ ጊዜ ይቆያል።

ስለ ኢንኩ ደግሞ፣ ሼላክ የተባለው ሙጫ ያለበት ጥቁር የንድፍ ኢንክ ወይም የአክሪሊክ ኢንክ ከሆነ ሲደርቅ ውኃ አያሟሟውም። የብዕር ቀለምና ፓርከር አይሆኑም። ማርከርም አይሆንም፤ ቀለሙ በላዩ በሚመጣው ሚዲየም ውስጥ ሰርጎ መስመሩን ሐምራዊ ጥላ ያለብሰዋል፣ በብርሃንም ይጠፋል። ለማረጋገጥ በሙከራ ወረቀት ላይ መስመር ይሥሩና ሌሊቱን አሳድረው በእርጥብ ጥጥ ይሹት። ጥጡ ነጭ ሆኖ ከቀረ ይቀጥሉ። በንድፉ ላይ የሚመጣውን የመጀመሪያ ቅብ በለስላሳ ሰፊ ብሩሽ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፈው ይተዉት፤ ብሩሹን ማመላለስ አረፋ ያስገባል። የሚዲየሙን ጠርሙስም ከመቀባትዎ በፊት አይነቅንቁት።

የጁሊ ምሕረቱ የታወቀው አሠራር የሕንፃና የከተማ ፕላን ንድፎችን በሸራው ላይ እያሳረፉ መሣል፣ ንድፉን ሲሊካ (የአሸዋ ዓይነት ደቃቅ ዱቄት) በተጨመረበት አሳላፊ አክሪሊክ ማልበስ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በዚያ ገጽ ላይ እንደገና መሣል ነው። እርስዎ ያዩት ጥልቀት የዓይን ማታለል ሳይሆን በመስመርና በመስመር መካከል በእርግጥ ያለ ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ የተጠናቀቀው ትልቁ የግድግዳ ሥራቸው ከ24 ሜትር በላይ ርዝመትና 7 ሜትር ያህል ቁመት ያለው በመሆኑ ከረዳቶች ጋር የተሠራ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ሜትር ሰሌዳ ላይ ሲሠራ ትዕግሥቱን በዚያ ልክ መለካት የለበትም። ማለስለሱን ከሞከሩ ቅቡ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ይጠጥር፤ ብርጭቆ ወረቀቱን በውኃ እያራሱ ይሥሩ። ለስላሳ አክሪሊክ በደረቁ ሲፋቅ ይሞቅና ወረቀቱን ይደፍነዋል። ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ ሲሊካ ያለበት ከሆነ ያለ ጥሩ ጭንብል አይነካም።

በዘይት መጨረስ ይቻላል፤ ተቃራኒው ግን አይቻልም። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውኃ ተንኖለት ሳይሆን ኦክስጅን እየወሰደ በወራትና በዓመታት ውስጥ ነው፤ እየደረቀም ሲሄድ ይገትራል። አክሪሊክ በላዩ ቢቀባ የሚይዘው ነገር ስለሌለው እንደ ልጣጭ ይነሣል። ዘይቱ ከላይ ሲሆን ደግሞ የአክሪሊኩ ገጽ እንዳያብለጨልጭ በቀላሉ ያሻክሩት፣ ከሦስት ቀን ያላነሰ ጊዜም ይስጡት። እርስዎ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ መሥራትዎ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፤ በሚላላ ሸራ ላይ ቢሆን ወፍራም አክሪሊክ ሲተጣጠፍ የገተረውን ዘይት ይሰነጥቀው ነበር። ከነጭ ቀለሞች የዚንክ ነጭን ይተዉ፤ ከዘይት ጋር የሚሠራው ልባጥ ተሰባሪ ነው። ቲታኒየም ነጭ ይበቃዎታል።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ትንሽ ፈተና ያድርጉ። ለዋናው ሥራ ባሰቡት ቅደም ተከተል ሁሉ አንድ የእጅ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ያዘጋጁና ሁለት ሳምንት ያቆዩአት። ከዚያ በስለታም ምላጭ በሁለት በሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ወደ ጎንም ወደ ታችም ይተልትሏት፤ ጠንካራ ፕላስተር በላይዋ አጥብቀው ይለጥፉና በአንዴ ይንቀሉት። ካሬዎቹ በቦታቸው ከቀሩ ድርቦቹ ተያይዘዋል። ፕላስተሩ ይዟቸው ከወጣ፣ የትኛው ቅብ ከየትኛው እንደተለየ ጀርባውን አይተው ያውቃሉ።

የምናለሽ ተራ ደንበኛ

ስለ ሽቦው እኔ ልመልስ፤ ለዓመታት የምሠራው በዚሁ ነውና።

ኮላውን ይርሱት። ነጭ የአናጢ ኮላ እንጨትን ከእንጨት የሚያያይዘው ወደ እንጨቱ ጭረቶች ገብቶ ስለሚደርቅ ነው፤ የሽቦ ልባስና ብረት ግን የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም። ከዚህም በላይ አብዛኛው ሽቦ የለበሰው ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ ተብሎ የሚጨመርበት ዘይትነት ያለው ንጥረ ነገር ከዓመታት በኋላ ቀስ እያለ ወደ ገጹ ይወጣል፤ ሽቦው ሲነኩት የሚሙለጨለጨውና አቧራ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። የትኛውም ማጣበቂያ በዚያ ላይ ለዘለቄታው አይጸናም። ሽቦ መታሰር፣ መሰፋት ወይም በሚስማር መያዝ አለበት።

ኤልያስ ስሜ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ቀደም ብሎ በሸራ ላይ በክርና በአዝራር ይሠራ የነበረ ሰው በመሆኑ፣ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሲሻገር የመስፋትን አስተሳሰብ ይዞ ሄዷል፤ ሽቦው ይጎነጎናል፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይም በሚስማር ይያዛል፣ ሰሌዳዎቹም ጎን ለጎን ተገጣጥመው ትልቁን ሥራ ይሠራሉ። በናይጄሪያ ንሱካ ለረጅም ዘመን የሠሩት ጋናዊው ኤል አናትሱይ የጠርሙስ ክዳኖችን ቀጥቅጠውና አጥፈው በመዳብ ሽቦ ይሰፏቸዋል እንጂ አይለጥፏቸውም፤ ያ ሁሉ ብረት እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፈው በዚህ ነው። ኮላ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ማጓጓዝ ይረግፍ ነበር።

የሰሌዳው ምርጫ ወሳኝ ነው። ቺፕውድ ርካሽ ቢሆንም ጠርዙ ላይ ሚስማር አይዝም፣ ውኃ ሲነካውም ያብጣል። 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ይያዙ፤ ከኋላው በሞራሌ ፍሬም ያስደግፉት፣ መካከሉም ላይ አንድ አግዳሚ ይግባ። ፊቱን ብቻ ቀብተው ጀርባውን ባዶ ከተዉት ክረምት ሲገባ በአንድ በኩል ብቻ እርጥበት ስቦ ይቆለመማል፤ ስለዚህ ጀርባውንም ጠርዙንም ይቀቡት። የሚስማሩን ቀዳዳ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀድመው ይክፈቱ፤ በመዶሻ ብቻ ሲገባ በዙሪያው ያለው ቅብ በክብ ይሰነጠቃል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀለምዎን ሙሉ በሙሉ ይጨርሱ፣ ሳምንታት ያቆዩት፣ ከዚያ ብረት ይግባ። አክሪሊክ ከደረቀ በኋላም በሙቀት የሚለሰልስ ስለሆነ በላዩ የተጫነ ብረት ቀስ በቀስ ይሰምጥበታል። ከባድ ቁርጥራጭ በሚያስገቡበት ቦታ ቀጭን ሮንዴላ ከሥሩ ያስገቡና ብረቱ ከቅቡ ትንሽ ከፍ ይበል። ጥላም ይሰጥዎታል፤ በብሩሽ የማይገኝ ጥላ ነው። ተራ ብረት ከሆነ ዘይቱን አጥበው አንቲረስት ይቀቡት፤ ያለዚያ የአክሪሊኩ ውኃ ገና ሳይደርቅ የዝገት ነጥብ ያወጣበታል። የተላጠ መዳብ ከጊዜ በኋላ መጥቆሩና መረንገሩ አይቀርም፤ እኔ እወደዋለሁ፣ የማይወድ ሰው በአሳላፊ ላክ ይሸፍነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። መዳቡን ለማውጣት ሽቦ አያቃጥሉ፤ ከፒቪሲ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ አደገኛ የሆነ አሲድና ሌላም መርዝ አለበት። በጉጠትና በቢላዋ ይላጡ። የአሮጌ ሰርኪት ቦርድ ብየዳ እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ነው፤ አይፋቅ፣ አይሞረድ፤ ጓንት ያድርጉ፣ እጅዎን ሳይታጠቡም እህል አይቅመሱ።

ዕቃውን ምናለሽ ተራ በኪሎ ያገኛሉ፤ ቁራሌዎችንም ቢያስለምዱ እየመረጡ ያመጡልዎታል። ሥራው የሚከብደው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ሽቦውን በቀለም በቀለም መለየት ከመሣሉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ማንም አይነግርዎትም እንጂ የእነዚህ ሥራዎች ቀለም የሚበጠበጠው በብሩሽ ሳይሆን በዚያ የመለየት ሥራ ነው፤ ሰባት ዓይነት አረንጓዴ ሽቦ ሳይኖርዎት አረንጓዴ መስክ መሥራት አይችሉም።

ቀይ አፈር

መልሶቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም አንድ ተቃውሞ አለኝ። ሁሉም ነገር ከውጭ በሚመጣ ሚዲየምና ጄሶ ላይ ከቆመ፣ ወጣቱ ሠዓሊ ገንዘብ እስኪያገኝ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት ነውን? ብዙዎቻችን የሠራነው አቡጀዲ ወጥረን፣ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ከኮላና ከስቱኮ ጋር ደባልቀን መሠረት አድርገን ነው፤ ሥራዎቹም በየሰው ቤት ተሰቅለው ይገኛሉ። የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችስ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ የገዙት የፋብሪካ ቱቦ ነበርን? በአካባቢያቸው ባገኙት ሠርተዋል፤ ሥራቸውም ዘመን ተሻግሯል። ይህ ሁሉ የኬሚስትሪ ጥንቃቄ የመፍጠርን ድፍረት እንዳይገድል እፈራለሁ።

መሠረት ቀቢ

ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ለልምምድና ለሙከራ በግድግዳ ቀለም ይሠራ፤ እኔም ተማሪዎችን ከዚያ አልከለክልም። ልዩነቱ ያለው ማያያዣው ላይ ነው። ርካሽ የግድግዳ ቀለም ነጭ ዱቄቱ ብዙ፣ ዱቄቱን የሚያያይዘው ፕላስቲክ ግን ጥቂት ነው፤ ግድግዳ ስለማይተጣጠፍ ይበቃዋል። በተወጠረ ጨርቅ ላይ ሲሆን ግን ጣት ሲነካው ይፈረካከሳል። ስቱኮ ደግሞ ከዚያም ይልቅ ግትር ነው። በጠንካራ ሰሌዳ ላይ በስሱ ከተቀባ ችግሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው የምመክረው በሸራ ፋንታ በኮምፔንሳቶ ላይ እንዲሠራ፣ መሠረቱንም ደህና ደረጃ ባለው የውጭ ግድግዳ ቀለም እንዲያዘጋጅ ነው። አሳላፊውን ሚዲየም ግን በኮላ አይተኩት። ነጭ ኮላ ሲደርቅ አሳላፊ ቢመስልም በጊዜ ይቢጫል፣ እርጥበት ሲያገኝም መልሶ ይላላል።

የጥንቶቹን በተመለከተ ግን አልስማማም። ያገኙትን ሁሉ አልተጠቀሙም። የእንጨት ሥዕላት ከነጭ መሠረታቸው እስከ ቀለማቸው የሚያያይዛቸው ከእንስሳ የሚወጣ ሙጫ ነበር፤ መሠረቱና ቀለሙ አንድ ዓይነት ማያያዣ ስላላቸው አብረው ይሸበሸባሉ፣ አብረው ይዘረጋሉ። የጥጥ ጨርቁም በግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሥዕሉ አብሮ እንዳይሰነጠቅ ስለሚረዳ ጭምር ነው። ይህም ኬሚስትሪ ነው፤ በመጽሐፍ አልተጻፈም እንጂ። መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ያረጋግጣል። ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ያቆሙት የጭቃ ግድግዳ ያ ሁሉ ቅርጽ ተሠርቶበት የቆመው ከጭቃው ጋር የተቦካው ጭድ ሲደርቅ የሚመጣውን ስንጥቅ ስለሚይዘው ነው። ድፍረቱ እዚያም አለ፤ ግን ጭዱን ማን ይተዋል?

የጥገና ሰው

የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ሲሆን ሥራዬ የተጎዱ ሥዕሎችን መጠገን ነው። ከላይ የተሰጡት መልሶች በአብዛኛው ልክ በመሆናቸው እነሱን አልደግምም፤ ያልተነሣውን የቀለም ምርጫ ጉዳይ ብቻ ልጨምር።

በአሳላፊ ቅብ የሚሠራ ሰው ቀለሙን በጣም ያሳሳዋል። የሳሳ ቀለም ደግሞ ብርሃን ቶሎ ያጠፋዋል፤ ወፍራም ሆኖ ሃምሳ ዓመት የሚቆየው ቀይ፣ ሳስቶ ሲቀባ በጥቂት ዓመታት ሊገረጣ ይችላል። በዚህ ረገድ ከአሜሪካዊው ሠዓሊ ከማርክ ሮትኮ የሃርቫርድ ሥዕሎች የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዩኒቨርሲቲው የመመገቢያ አዳራሽ ሲሰቀሉ ደማቅ ቀይ ሐምራዊ ነበሩ፤ ሠዓሊው የተጠቀመበት ሊቶል ቀይ የተባለው ቀለም ብርሃንን የማይቋቋም ከመሆኑም በላይ አዳራሹ ፀሐይ በሰፊው የሚገባበት ስለነበር ገርጥተው በ1979 ከግድግዳ ወረዱ። በ2014 እንደገና ለሕዝብ ሲታዩ የጠፋው ቀለም በብሩሽ አልተመለሰም፤ ነጥብ በነጥብ የተሰላ ብርሃን ከፕሮጀክተር እየፈነጠቀባቸው የቀድሞ መልካቸውን እንዲመስሉ ተደረገ። ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ የገረጣው ሥዕል ይመለሳል።

ስለዚህ ቱቦ ሲገዙ በፊቱ ያለውን ማራኪ ስም ትተው በጀርባው በትንሹ የተጻፈውን የቀለም ዱቄት ቁጥር ያንብቡ። ለምሳሌ ፒ አር 83 የተባለው እውነተኛው አሊዛሪን ክሪምሰን በስስ ቅብ አይቆይም፤ በእሱ ፋንታ ፒ ቪ 19 ወይም ፒ አር 122 ያለበትን ኩዊናክሪዶን የተባለ ቀለም ይምረጡ። እነዚህ አሳላፊዎችም ናቸው፣ ጽኑዎችም ናቸው። የምድር ቀለሞች፣ ማለትም ኦከርና አምበር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይቆያሉ። ቁጥሩ ያልተጻፈበት ቱቦ ካጋጠመዎት በነጭ ወረቀት ላይ አሳስተው ይቀቡት፣ ግማሹን በአልሙኒየም ወረቀት ይሸፍኑና ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ለሦስት ወር ይስቀሉት። ሽፋኑን ሲያነሡ በሁለቱ ግማሾች መካከል ድንበር ከታየ ያንን ቀለም ለሥራዎ አይጠቀሙበት።

ያልተለመደ ቁስ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። በዚሁ ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በፍየል ቆዳና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ሥራ እጃችን ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ሁልጊዜ በምን ተሠራ የሚለው ነው፤ መልሱን የሚያውቀው ሠዓሊው ብቻ ነው። ከሰሌዳው ጀርባ ወረቀት ለጥፈው የተጠቀሙባቸውን ቁሶች በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ በምን እንደታጠበ፣ ሚዲየሙ የማን ምርት እንደሆነ፣ ብረቱ በምን እንደተሸፈነ፣ ዓመተ ምሕረቱንም። በቀጥታ በጨርቅ ጀርባ ላይ በማርከር ግን አይጻፍ፤ ሰርጎ በፊት በኩል ሊወጣ ይችላል።

ሸራና ሽቦ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ የሰሌዳውን ጀርባ ባዶ መተዉ ለመቆልመሙ ምክንያት እንደሆነ አሁን ተረዳሁ። ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ቀርተውኛል። ሥራው ካለቀ በኋላ ቫርኒሽ ልቀባው ይገባል? ደግሞስ ወደ ውጭ አገር ኤግዚቢሽን ቢላክ፣ ሽቦ የሌለባቸውን የሸራ ሥራዎች ጠቅልሎ መላክ ይቻላል?

የጥገና ሰው

ቫርኒሹን ሽቦው ከመግባቱ በፊት በሥዕሉ ገጽ ላይ ብቻ ይቀቡት፤ ከገባ በኋላ በየስንጥቁ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። በዘይት ከጨረሱት ግን ስድስት ወር ገደማ መጠበቅ አለብዎት። ወፈር ብሎ የተቀባ ዘይት ከሆነ እንዲያውም ዓመት ይሻለዋል። ሲገዙ ወደፊት በአኳራጅ ሊነሣ የሚችለውን ዓይነት ይምረጡ፤ አቧራና ጭስ የሚቀመጠው በቫርኒሹ ላይ ስለሆነ፣ ቆሻሻው ከእሱ ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

አክሪሊክ ሸራ ሊጠቀለል ይችላል፤ ሥዕሉ ግን ወደ ውጭ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ለመጠበቅ ብሎ ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፤ ያኔ ቅቡ ይጨመቅና ይሸበሸባል። ቱቦው በተቻለ መጠን ሰፊ ይሁን፤ በገጹ ላይ እንደ መጋገሪያ ወረቀት ያለ የማይጣበቅ ሲሊኮን የተቀባ ወረቀት ይነጠፍ። ተራ ላስቲክና አረፋ ያለው ማሸጊያ በቀጥታ ከነካው በሙቀት ይጣበቃል፤ የአረፋዎቹም ክብ ምልክት በገጹ ላይ ይቀራል። በክረምት ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚላክ ከሆነ፣ አክሪሊክ በብርድ እንደ መስታወት ተሰባሪ ስለሚሆን ተቀባዩ ዕቃውን እንደደረሰው ወዲያው እንዳይተረትር ይንገሩት፤ እንደታሸገ በሞቀ ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ይቀመጥና ከዚያ ይከፈት።

የምናለሽ ተራ ደንበኛ

ሽቦ ያለበት ሰሌዳ በምንም ዓይነት ተደራርቦ አይላክ። በልኩ የእንጨት ሳጥን ያሠሩለት፤ ሰሌዳውም በጀርባው ባለው ሞራሌ በኩል ከሳጥኑ ጋር በብሎን ይያያዝ፣ ከፊቱም አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተውለት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌሊት በግንባሩ ወደ መሬት አዙረው በሁለት ወንበሮች ላይ ያሳድሩትና ከሥሩ ነጭ አንሶላ ያንጥፉ። ጠዋት አንሶላው ላይ ያገኙት ቁርጥራጭ ሁሉ በመንገድ ላይ ይረግፍ የነበረ ስለሆነ፣ ቦታውን ፈልገው እንደገና አጥብቀው ይሰሩት።